ተራ ቁጥር ሰባት

ቶሩን ከተማ ውስጥ፣ ቪስዋ ወንዝ ዳር ባለው ችሎት፣
ጸሐፊ ነኝ እኔ፤ እንጀራዬ ነው መስማት።
ሰው አፉን ሲከፍት ጣቴ ይቀድመዋል፣
ያሉት ሁሉ ሳይሆን የተፈቀደው ይሰፍራል።

ዛሬ ጠዋት ቀርባ ወይዘሮ ጌኖቬፋ፣
የውሃውን ድርጅት ከሰሰች በይፋ።
የካቲት ላይ ፈንድቶ የመንገዱ ቧንቧ፣
ምድር ቤቷን ሞልቶ፣
ድንቿ ተንሳፈፈ እንደ ኩሬ አበባ።

ዝርዝሩን አነበብኩ ከላይ እስከ ታች፦
አንደኛ፣ ሦስት ጆንያ የክረምት ድንች፤
ሁለተኛ፣ የልጅ የበረዶ ሸርተቴ፤
ሦስተኛ፣ መጥረቢያ —
"ቆይ" አለ ዳኛው፣ "መጥረቢያን ውሃ ምን ያደርገዋል?"
"እጀታው" አለች፣ "አብጦ ተሰንጥቋል።"
አራት፣ አምስት፣ ስድስት፦ ብስክሌት፣ ምንጣፍ፣ የሞተ ሰው ጫማ፤
ችሎቱ ያዛጋል ይህን እየሰማ።
ሰባተኛ፣ አንድ የቴፕ ካሴት።

ጠበቃ ዜኖን ተነሣ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
ድርጅቱን ከኋላው፣ ሕጉን ከፊት አድርጎ።
"ድንቹን እንከፍላለን፤ አያከራክርም፤
ሸርተቴውም ቢሆን፣ እርጅናው ይቀነስ እንጂ፣ አንክድም።
ካሴት ግን ባዶውን ሁለት ዝሎቲ ነው፣
እሱም ከተገኘ! ዛሬ ማን ሊገዛው?
ለመሆኑ ደረሰኝ አላት?"

ደረሰኝ የላትም።
አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣
ጥብጣቡን ጎትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፦
ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ ጭቃ የጠጣ፣
ከካሴቱ ሆድ እንደ አንጀት የወጣ።

"ባዶ አልነበረም" አለች።
"ምን ነበረበት?"
"ባሌ። ክሌመንስ።"

ጠበቃውን ሳል ያዘው። ሳል አይጻፍም።

"ዘፈን ነው?" "የለም፣ ድምፁ አያምርም ነበር።"
"ኑዛዜ?" "አይደለም።"
"ታዲያ ምን ይላል?"
"ቴፑን የገዛ ዕለት ነው፤ ይሠራ እንደሆን ሲሞክር።
እንዲህ ይላል፦ አንድ። ሁለት። አንድ። ሁለት። ይሰማል?
ጌንያ፣ ቀዩ መብራት በርቷል?
ድመቷን አስወጫት፣ ሽቦውን ልትበላ ነው።
ከዚያ ይስቃል።
ከዚያ በር ይዘጋል።
ከዚያ ዝም ነው፤ አርባ ደቂቃ፣ ማጥፋቱን ረስቶ።
ዝም ነው፣ ግን የሱ ዝም ነው።
ምድር ቤት ወርጄ እሰማው ነበር፣ ድንች ስመርጥ።"

"ዝምታ በሕግ ዋጋ የለውም" አለ ዜኖን።
ዳኛው ዝም አለ።
ይህን ጻፍኩት። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ብይን፦ ድንቹ ይከፈል። ሸርተቴው በግማሽ።
ብስክሌት፣ ምንጣፍ፣ ጫማ፣ በግምት። መጥረቢያው ይቅር።
ተራ ቁጥር ሰባት፣ ሁለት ዝሎቲ ከሃምሳ።

"ይግባኝ ይላሉ?"
"አልልም" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦
የተናገረው ተጽፏል?"

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ።
ለክርክሩ የማይጠቅም ቃል ከመዝገብ ይሠረዛል፤
ደንቡን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ጣቴም መሠረዣው ላይ ነበር።
በቃል ያለ ይረሳል ይባላል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤
ይህን ሳቅ፣ ይህን የበር ድምፅ፣ ከሷ በቀር ማን ይወርሳል?

"ተጽፏል" አልኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት የሌላውን ቃል ስጽፍ ኖሬ፣
በዚያ አዳራሽ የራሴን ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ለአንድ ገጽ ግልባጭ የቴምብር ስድስት ዝሎቲ ነው።
ካሳዋ ሳይደርሳት ከኪሷ ከፈለች፣ ሳንቲም በሳንቲም።
ዘርግታ አየችው፤
ማኅተሙ ድመቷ ላይ ዐርፏል፣
ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው።

"ይሄስ?" አለችኝ፣ በጣቷ ባዶውን እየነካች።
"አርባው ደቂቃ" አልኳት።

ዳኛውም ከባዶው ሥር ፈርሟል።